ልሙጡ ቱቦ ይከሰስ ወይስ አየሩ? የጎንደር ማቀዝቀዣ ሠራተኞች ክርክር

ይህን የኢንተርኔት መድረክ ክር (ጥያቄና የመልሶቹን ሰንሰለት) የከፈተው «ባለ ሉካንዳው» የሚል ስም ያወጣ የጎንደር ነጋዴ ነው። ወደ አዘዞ በሚወስደው መንገድ ላይ ሥጋ ቤት አለው። የማቀዝቀዣ ክፍሉ ኢቫፖሬተር (ጋዙ እየፈላ ክፍሉን የሚያቀዘቅዝበት የቱቦዎች ስብስብ፤ ኮይልም ይሉታል) ቀዳዳ አውጥቶ ጋዝ አልይዝ ሲል በሌላ አስለወጠው፤ ከተለወጠ ወዲህ ግን ክፍሉ እንደ ቀድሞው 2 ዲግሪ ላይ አልቆም ብሏል። ኮምፕሬሰሩ ሌት ተቀን ይሠራል፤ ሙቀቱ ከ6 ዲግሪ አይወርድም። ነገሩን ለማጣራት አሮጌውን ኮይል በመጋዝ አስቆረጠ፤ የቱቦው የውስጥ ግድግዳ በቀጫጭን ሸንተረሮች የተሞላ ሆኖ አገኘው። በተከላው ጊዜ ከአዲሱ ላይ ተቆርጦ የወደቀው ቁራጭ ደግሞ ውስጡ ልሙጥ ነው። ከዚህ ተነሥቶ ብይኑን ራሱ ሰጠ፤ ጋዝ በልሙጥ ቱቦ ውስጥ በደንብ አይፈላም፣ እርሱም ርካሽ ዕቃ ተሽጦለታል። የጠየቀው ሁለት ነገር ነው። ባለ ሸንተረር ኮይል ከአዲስ አበባ ያስመጣ? ወይስ የልሙጡን ውስጥ በሽቦና በብርጭቆ ወረቀት ቢያስፍቀው ይበቃዋል? የገና ጾም ሊፈታ ስለተቃረበ መልሱን በቶሎ እንደሚፈልግም አክሏል።

1ኛውን መልስ የሰጡት «መምህር» በሚል ስም የሚጽፉ፣ ዕድሜያቸውን በቴክኒክ ትምህርት ቤት ያሳለፉ ሰው ናቸው። ነጋዴውን ለጠያቂነቱ አመስግነው ከመሠረቱ ጀመሩ። ፈሳሽ ሲፈላ አረፋው ከባዶ አይወለድም፤ መነሻ ይፈልጋል። መነሻው በብረቱ ገጽ ላይ ያለች ዓይን የማያያት ጉድጓድ ናት። በጉድጓዷ ውስጥ ጥቂት እንፋሎት ተይዞ ይቀራል፣ አረፋው ከዚያ ያድጋል፣ ተላቆ ይሄዳል፣ የቀረው እንፋሎት ደግሞ ለሚቀጥለው አረፋ ዘር ይሆናል። ድስት ላይ ውሃ ስንጥድ የአረፋው ሰንሰለት ሁልጊዜ ከተወሰኑ ነጥቦች ብቻ የሚነሣው ለዚህ ነው። ጉድጓዷ በጣም ጠባብ ከሆነች አረፋውን ለማስነሣት ግድግዳው ከፈሳሹ ይበልጥ መሞቅ አለበት። ስለዚህ ሸካራ ገጽ በትንሽ የሙቀት ልዩነት ብዙ ያፈላል ማለት እውነት ነው። እዚህ ላይ ግን መምህሩ አንድ ነገር ጨመሩ፤ ብዙ ሰው የዘለለውም ይህንኑ ነው። የማቀዝቀዣ ጋዞች ፈሳሽ ሲሆኑ ከውሃ ይልቅ ብረትን በቀላሉ ያረጥባሉ። አፉ የተከፈተ ጭረት ውስጥ ሰርገው ገብተው እንፋሎቱን ያስወጡታል። ለእነርሱ የሚሆነው አፉ ጠባብ፣ ሆዱ ሰፊ የሆነ ጉድጓድ ነው። የብርጭቆ ወረቀት ደግሞ እንዲህ ያለ ጉድጓድ አይሠራም።

2ኛው «ጋዝ ሞይ» ነው፤ በከተማው ብዙ ፍሪጅ የነካ፣ ሲጽፍ ነጥብ የማይወድ ባለሙያ። መምህሩ ያሉትን እንደማይቃወም፣ ነገር ግን ቱቦ ውስጥ ሽቦ ስለማስገባት የሚያስብ ሰው ኮምፕሬሰሩን አስቀድሞ ቢሸጥ እንደሚሻለው ነገረን። ከፍቁ የሚወጣው የመዳብ ብናኝ ወደ ኮምፕሬሰር ይገባል፣ ወይም ዞሮ ፊልተሩንና ወደ ኢቫፖሬተሩ የሚገባውን ጋዝ የሚመጥነውን ኤክስፓንሽን ቫልቭ ይደፍናል። በዚህ ላይ የሚከራከር ሰው አልተገኘም።

3ኛው «የአንገረብ ልጅ» የሚባለው ቀልደኛ ነበር። ሸካራነት የሚፈለግ ከሆነ የጎንደር በያጆች በነጻ ሲሠሩት እንደኖሩ ጻፈ፤ ናይትሮጅን ሳያሳልፉ ስለሚበይዱ የቱቦው ውስጥ ጥቁር ቅርፊት ይይዛል፣ ከዚያ በላይ ሸካራ ገጽ ከየት ይመጣል የሚል ነው። እኔ ስቄአለሁ። ጋዝ ሞይ ግን አልሳቀም። በ4ኛው መልስ ያ ቅርፊት የመዳብ ኦክሳይድ መሆኑን፣ ቱቦው ላይ ተጣብቆ እንደማይቀር፣ በተለይ ኤስተር የሚባሉት አዲሶቹ የኮምፕሬሰር ዘይቶች እያጠቡ ጋዙን ወደሚመጥነው ቀጭን የካፒላሪ ቱቦ እንደሚነዱት፣ በዚህ ምክንያት የተቃጠለ ኮምፕሬሰር በእጁ እንዳለፈ ጽፎ፣ የሰው ንብረት የሚነካ ሰው በሥራ ላይ መቀለድ እንደማይገባው ገሠጸው። የአንገረብ ልጅም ጋሼ ብሎ ይቅርታ ጠየቀና እስከ ክሩ ማብቂያ ድረስ ጠፋ።

በ5ኛው መልስ ነገሩ አቅጣጫ ሳተ። «ቀሃ» የተባለው ጸሐፊ ችግሩ ቱቦው ሳይሆን ከተማው ነው አለ። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ትገኛለች፤ ውሃ እዚህ በ93 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ እንግዲያው ጋዙም ከመጽሐፉ በተለየ ሙቀት ይፈላል፣ የውጭ አገር ሠንጠረዥ ለእኛ አይሠራም የሚል ክርክር ነው። መምህሩ በ6ኛው በትሕትና መለሱለት። ውሃው በድስት ውስጥ የሚፈላው በአካባቢው አየር ግፊት ሥር ሆኖ ነው፤ ጋዙ ግን በተዘጋ ቱቦ ውስጥ ነው፣ ግፊቱን የሚወስነው ኮምፕሬሰሩና ቫልቩ እንጂ የደጁ አየር አይደለም። አር134ኤ የተባለው የማቀዝቀዣ ጋዝ በ2 ባር ፍጹም ግፊት (ከባዶ ጀምሮ በሚቆጠር ግፊት) በጎንደርም በምጽዋም በዜሮ በታች 10 ዲግሪ ይፈላል።

ቀሃ ተሸነፈ ብዬ ነበር። በ7ኛው ግን «ስሌት ወዳድ» የተባለች መሐንዲስ መጣችና ግማሹን መለሰችለት። ጋዙ ከፍታን አያውቅም፤ ጌጁ (የግፊት መለኪያው) ግን ያውቃል። የምንሰካው ጌጅ የሚያሳየው በቱቦው ውስጥ ያለው ግፊት ከደጁ አየር የሚበልጥበትን ልዩነት ነው። በባሕር ወለል የደጁ አየር 1.01 ባር ነው፤ በጎንደር 0.78 ገደማ። ጌጁ 1.0 ባር ሲል በባሕር ወለል ፍጹም ግፊቱ 2.0 ነው፤ በጎንደር 1.78 ብቻ ነው። በአር134ኤ ሲተረጎም የመጀመሪያው ዜሮ በታች 10፣ ሁለተኛው ዜሮ በታች 13 ዲግሪ ይሆናል። በጌጁ ፊት ላይ የታተመው የዲግሪ መስመር ለባሕር ወለል የተሰላ ስለሆነ እዚህ በዚህ ግፊት 3 ዲግሪ ያህል ይዋሻል። ለእኔ ከክሩ ሁሉ ለጎንደር ባለሙያ ነገ ጠዋት የሚጠቅመው ይህ መልስ ነው፤ የሚገርመው ብዙም አድናቆት አላገኘም።

8ኛው እንደገና ቀሃ ነው፤ ተቆጥቷል። እርሱ ራሱ ከፍታውን ስላነሣ መመስገን ሲገባው መታረሙ አልተዋጠለትም፣ እህቴ እያለ ደግሞ በዚያው ጌጅ ስንት ክፍል እንደሠራና ሁሉም እንደሚያቀዘቅዝ ቆጠረላት። መሐንዲሷ አልመለሰችለትም። ይልቅ ነጋዴውን የጌጁን ንባብ፣ የቱቦውን መውጫ ሙቀትና የክፍሉን ሙቀት ጠየቀችው። በ9ኛው መልስ ነጋዴው ቴክኒሻኑን አስጠርቶ አስለክቶ አመጣ። ጋዙ አር134ኤ፣ የመምጠጫው ጌጅ 1.0 ባር፣ ከኢቫፖሬተሩ የሚወጣው ቱቦ ዜሮ በታች 4፣ ክፍሉ 6 ዲግሪ። ቴክኒሻኑ የጌጁን መስመር አይቶ ሱፐርሂቱ (ጋዙ ከሚፈላበት ሙቀት በላይ ሞቆ የሚወጣበት ልዩነት) 6 ነው፣ ቫልቩም ልክ ነው ብሎታል።

10ኛው መልስ የክሩ እምብርት ነው። ስሌት ወዳድ መጀመሪያ ሱፐርሂቱን አረመችው፤ 6 የተባለው 9 ነው። ቫልቩ ጥቂት ቢከፈት አይጎዳም፤ ይህ ግን ትንሹ ነገር ነው። ትልቁ ነገር ክፍሉ 6፣ ጋዙ ዜሮ በታች 13 መሆናቸው ነው፤ በመካከላቸው 19 ዲግሪ አለ። ለሥጋ ክፍል ከ6 እስከ 10 ዲግሪ ልዩነት ይበቃል። 19 ደርሶም የማያቀዘቅዝ ከሆነ በአየሩና በጋዙ መካከል ሙቀቱን የሚያግድ ነገር አለ። ማን ነው የሚያግደው? እዚህ ላይ በግምት ቁጥሮች አሰላችው። ሙቀቱ ሁለት በሮችን ያልፋል፤ ከአየሩ ወደ ፊኑ (ቱቦዎቹ ላይ ወደተደረደሩት ስስ የብረት ቅጠሎች)፣ ከቱቦው ግድግዳ ወደሚፈላው ጋዝ። አየር ደካማ ነው፤ በካሬ ሜትር በዲግሪ 40 ዋት ያህል ያስተላልፋል እንበል። ፊኑ ከቱቦው የውስጥ ስፋት 15 እጥፍ ቢሆንና የፊኑ ብቃት 0.8 ቢሆን፣ በቱቦው የውስጥ ካሬ ሜትር ሲመነዘር 480 ይሆናል። በልሙጥ ቱቦ ውስጥ የሚፈላው ጋዝ 2,000 ያህል ይሰጣል። ሁለቱ ተራ በተራ ሲታለፉ ጠቅላላው 387 ነው። አሁን ቱቦውን ባለ ሸንተረር አድርገን የጋዙን ጎን ወደ 4,000 እናሳድገው፤ ጠቅላላው 429 ይሆናል። የቱቦው ውስጥ እጥፍ ሲሻሻል ኮይሉ የሚሻሻለው በ11 በመቶ ብቻ ነው ማለት ነው። 11 በመቶ ደግሞ የነጋዴውን 19 ዲግሪ አያብራራም። የጎንደር አየር ከባሕር ወለል በ23 በመቶ ገደማ የሳሳ ስለሆነ ያው ፋን ያንኑ ይዘት አየር ቢገፋም ክብደቱ ያንሳል፤ ደካማው በር እዚህ ይበልጥ ይደክማል። ማጠቃለያዋ አጭር ነበር፤ ፋኑንና ፊኑን እይ።

መምህሩ በ11ኛው ስሌቱን አደነቁ፤ ሆኖም የቱቦ ገጽ እንደ ተራ ነገር እንዳይታይ ሰጉ። ረጅም ነው የጻፉት፤ እኔ አሳጥሬዋለሁ። በ1931 እ.ኤ.አ. በጀርመን ያኮብ እና ፍሪትዝ ውሃን በሸካራ ገጽ ላይ አፍልተው መጀመሪያ ብዙ ሙቀት ሲያልፍ አዩ፤ ከጊዜ በኋላ ግን ገጹ እያረጀ ጥቅሙ እየከሰመ ወደ ልሙጡ ተጠጋ። በ1984 እ.ኤ.አ. ኩፐር የበርካታ ፈሳሾችን መረጃ አሰባስቦ ባወጣው ቀመር ሸካራነት ራሱን ችሎ ገብቷል። መምህሩ ቀመሩን ለአር134ኤ በዜሮ በታች 10 ዲግሪ ሲያሰሉት፣ ሸካራነቱ በ10 እጥፍ ሲያድግ የፍላቱ ሙቀት ማስተላለፍ ወደ 1.8 እጥፍ ያድጋል፤ እጥፍ ብቻ ሲሆን ደግሞ ጭማሪው 20 በመቶ ገደማ ነው። ቀመሩ ግን ጋዙ በገንዳ ውስጥ ተኝቶ ሲፈላ የሚሠራ ነው፤ በቱቦ ውስጥ እየሮጠ ሲፈላ ሌላ ነገር ይመጣል። ወደ መውጫው ሲቃረብ አብዛኛው እንፋሎት ሆኖ በመካከል ይነጉዳል፣ ፈሳሹ በግድግዳው ላይ ስስ ሽፋን ሆኖ ይቀራል፣ ሙቀቱም በአረፋ ሳይሆን በዚያ ሽፋን በኩል ያልፋል። የነጋዴው አሮጌ ቱቦ ሸንተረሮች የተሠሩት ለዚህ ነው። የሂታቺ ሰዎች በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ያወጡት ሐሳብ ነው፤ በተለመደው 9.52 ሚሊሜትር ቱቦ ውስጥ ቁመታቸው 0.2 ሚሊሜትር ያህል የሆነ፣ እየተጠማዘዙ የሚሄዱ ከ60 የማያንሱ ሸንተረሮች። የውስጥ ስፋቱን በግማሽ ያህል ይጨምራሉ፣ ፈሳሹንም እየሳቡ እስከ ቱቦው ጣራ ድረስ ያዳርሱታል፤ አለበለዚያ ጋዙ ቀስ ብሎ ሲሄድ ፈሳሹ ወለሉ ላይ ይተኛል፣ ጣራው ደረቅ ይሆናል።

ከ12 እስከ 14 ያሉት መልሶች ለመዝለል ይመቻሉ። አንዱ ይህ ሁሉ ቀመር ለሥጋ ቤት ምን ይሠራል ብሎ አማረረ። ሌላው ስሌት የማይገባው ሰው ለምን ያነብባል ብሎ መለሰለት። ሦስተኛው ሁለቱንም ሰደበ። ነጋዴው ራሱ ገብቶ ስለ እርሱ ክፍል እስከሆነ ድረስ ቀመሩም ይጻፍ ብሎ ገላገላቸው። ጨዋ ሰው ነው።

15ኛው ጋዝ ሞይ ነው፤ ከ10ኛው ጋር እስማማለሁ ብሎ ሁሉም የረሳውን አነሣ፤ ዘይት። ድሮ አር12 በተባለው ጋዝ ይሠራ የነበረ ክፍል ላይ ማዕድን ዘይቱን ሳይቀይሩ አር134ኤ የሚሞሉ ሰዎች አሉ። ማዕድን ዘይት ከአር134ኤ ጋር አይዋሃድም፤ ወደ ኮምፕሬሰሩ መመለስ ትቶ በቀዝቃዛው ኢቫፖሬተር ውስጥ ይወፍራል፣ ግድግዳውን ይቀባል። ያን ጊዜ ልሙጥም ሆነ ባለ ሸንተረር ልዩነት የለውም፤ እንዲያውም ሸንተረሩ መካከል ዘይቱ ይተኛል። የሚዋሃደው የኤስተር ዘይት እንኳ ከመጠን ሲያልፍ ፍላቱን ያዳክማል። መምህሩ አንድ መስመር ጨመሩለት፤ ጥቂት ዘይት አረፋ እያስነሣ ግድግዳውን ስለሚያረጥብ አንዳንዴ እንደሚጠቅም፣ ጉዳቱ የሚመጣው ሲበዛ መሆኑን። ጋዝ ሞይ አውቃለሁ ብሎ አለፈው፤ ማወቁን ግን እጠራጠራለሁ።

ከዚያ 16ኛው መልስ መጣ፤ ነጋዴው ፎቶ አያያዘ። የአዲሱ ኮይል ፊት በነጭ በረዶ ተደፍኗል። ፊኖቹ በጣም የተቀራረቡ ናቸው፤ ማስመሪያ አስጠግቶ በመካከላቸው 2 ሚሊሜትር ያህል መኖሩን አሳየ። የአሮጌው ቁራጭ ከጎኑ ተቀምጧል፤ ክፍተቱ 6 ሚሊሜትር ነው።

17ኛውን መልስ ጋዝ ሞይ የጻፈው በቁጣ ይመስላል። ያ የአየር ማቀዝቀዣ ኮይል ነው፤ በረዶ ለማይይዝበት ክፍል የተሠራ። በሥጋ ክፍል ውስጥ የፊኑ ገጽ ከዜሮ በታች ስለሚውል የአየሩ እርጥበት በረዶ ሆኖ ይለጠፍበታል፤ 2 ሚሊሜትር ክፍተት ደግሞ ወዲያው ይዘጋል። ከተዘጋ አየር አያልፍም፣ ክፍሉ አይቀዘቅዝም፣ ቴርሞስታቱ ኮምፕሬሰሩን አያጠፋም። በረዶው የሚቀልጠው ኮምፕሬሰሩ ቆሞ ፋኑ ብቻ ሲሠራ ነበር፤ ኮምፕሬሰሩ ካልቆመ በረዶው ይብስበታል፣ በረዶው በባሰ ቁጥር ኮምፕሬሰሩ አይቆምም። የነጋዴው 19 ዲግሪ ከየት እንደመጣ ታወቀ። መሐንዲሷ በ10ኛው ላይ ፊኑን እይ ማለቷን ግን ጋዝ ሞይ አላነሣም፤ ሊያነሣው ይገባ ነበር።

ከ18 እስከ 20 ክሩ ተበላሸ። የኮይሉን ሻጭ አውቀዋለሁ የሚል ሰው መጣ፣ ስም ሊጽፍ ሲል አስተናባሪው አጠፋበት። አንዱ ሻጩ ሌባ ነው አለ፤ ሌላው ሻጩ የተጠየቀውን መጠን ሸጠ፣ የሠራው ቴክኒሻን ነው ማወቅ የነበረበት አለ። ሁለተኛው የተሻለ ክርክር ቢሆንም የተጻፈበት ቋንቋ ለሰው አይነበብም።

21ኛው ከወተት ኅብረት ሥራ ማኅበር የመጣ ጥያቄ ነው፤ ጸሐፊው ይቅርታ ጠይቆ ገባ። የእነርሱ ማቀዝቀዣ ታንክ ቱቦ የለውም፤ ጋዙ የሚፈላው ከታንኩ ወለል ሥር በተበየደ ጉርብጥብጥ ሰሌዳ ውስጥ ነው። ወተቱ ቶሎ አልቀዘቀዘም፤ የሰሌዳው ገጽ ይሆን? መልሱን በ22ኛው ስሌት ወዳድ ሰጠችው፤ ዘዴዋ ያው ነው፤ መጀመሪያ ደካማውን በር ፈልግ። እዚያ ከሰሌዳው በላይ ያለው አየር ሳይሆን ወተት ነው፤ ወተት ከአየር እጅግ ይሻላል፣ ግን የሚሻለው ሲማሰል ነው። ማማሰያው ከቆመ ወለሉን የነካው ወተት ብቻ ይቀዘቅዛል፤ ጋዙ ብዙ ከዜሮ በታች ከወረደ ደግሞ ወለሉ ላይ በረዶ ይሠራል። ሰውየው ሄዶ ሲያይ የማማሰያው ሞተር ቀበቶ ላልቷል። ይህን ያህል በቀላሉ የተፈታ ጥያቄ በክሩ ውስጥ ሌላ የለም።

ከ23 እስከ 26 ስለ መብራት ነው። መብራት ሲጠፋ ክፍሉን ማን ይይዘዋል፣ ጄኔሬተር ምን ያህል ነዳጅ ይበላል፣ ለጥምቀት እንግዳው ሲጎርፍ የሆቴሎቹ ማቀዝቀዣ ክፍሎች እንዴት ሥጋና መጠጥ አብረው እንደሚያጭቁ። ከመካከሉ አንድ ቁም ነገር አለ፤ ዕቃ ከፋኑ ፊት እስከ ጣራ የሚከምር ሰው አየሩን ራሱ ዘግቶ ኮይሉን ይከስሳል።

27ኛው መልስ ሲመጣ ክርክሩ የሞተ መስሎኝ ነበር። «ከፋብሪካ» የሚል ስም ያለው ሰው ከሌሎቹ ሁሉ በተቃራኒ ቆመ። እርሱ የሚሠራው ትልልቅ የውሃ ማቀዝቀዣዎች ላይ ነው፤ ጋዙ በገንዳ ውስጥ ተኝቶ ከቱቦዎቹ ውጭ ይፈላል፣ ውሃው በቱቦዎቹ ውስጥ ያልፋል። እዚያ አየር የለም። ውሃው ጠንካራ በር ስለሆነ ልሙጥ ቱቦ ከተደረገ ደካማው የፍላቱ ጎን ይሆናል። ስለዚህ መጀመሪያ በኢንች 19፣ በኋላ 26 ፊን ያለው ቱቦ መጣ። በ1968 እ.ኤ.አ. ዩኒየን ካርባይድ በብረት ዱቄት የተሸፈነ ባለ ቀዳዳ ገጽ በፓተንት አስመዘገበ። ከዚያ ሂታቺ፣ የጀርመኑ ዊላንድና የአሜሪካው ዎልቨሪን ፊኖቹን በማጠፍ ወይም በመጨፍለቅ ከሥራቸው ዋሻ፣ ከላያቸው ጠባብ አፍ ያላቸው ቱቦዎች አወጡ። መምህሩ በ1ኛው መልስ አፉ ጠባብ ሆዱ ሰፊ ያሉት ጉድጓድ በፋብሪካ ተሠራ ማለት ነው። እንፋሎቱ በዋሻው ውስጥ ስለሚቀር ፈሳሹ ሊያስወጣው አይችልም፤ በዝቅተኛ የሙቀት ልዩነት የእንዲህ ያለ ቱቦ ፍላት ከልሙጡ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። እንዲህ ያለውን ቱቦ በልሙጥ የሚተካ ሰው ማሽኑን ያደኸየዋል። የውስጡን የውሃ ጎን ሲያጸዱም በናይለን ብሩሽ እንጂ በብረት ብሩሽ አለመሆኑን አሳሰበ፤ የውስጡ ሸንተረር ይጎዳል።

28ኛው ከስሌት ወዳድ አጭር ነው። ከ27ኛው ጋር ሙሉ በሙሉ እንደምትስማማ፣ በ10ኛው ያለችው ከዚህ ጋር እንደማይጋጭ፤ በሥጋ ክፍሉ ደካማው አየሩ ነው፣ በፋብሪካው ደካማው ፍላቱ ነው። ከፋብሪካ የመጣው ሰው ልክ ነሽ ብሎ ምልክት አኖረላት። በዚህ ክር ውስጥ ሁለት ሰዎች ሳይሰዳደቡ የተስማሙበት ብቸኛው ቦታ ይመስለኛል።

29ኛው ስለ አሞኒያ ጠየቀ፤ የአሞኒያ ኢቫፖሬተር ለምን በመዳብ እንደማይሠራ። ጋዝ ሞይ እርጥበት ያለበት አሞኒያ መዳብን እንደሚበላ፣ ለዚህ ብረት ወይም አልሙኒየም እንደሚጠቀሙ በአንድ መስመር ዘጋው።

በ30ኛው ነጋዴው ተመለሰ። ቴክኒሻኑ ኮምፕሬሰሩን በቀን ጥቂት ጊዜ እያቆመ ፋኑን ብቻ የሚያሠራ ሰዓት ቆጣሪ አስገብቶለታል፣ ቫልቩንም ጥቂት ከፍቶታል። ክፍሉ 3 ዲግሪ ደርሷል። ፊኑ ሰፋ ያለ ኮይል አዝዟል፤ ቱቦው ልሙጥ ይሁን ባለ ሸንተረር እንዳልጠየቀም ጽፏል።

31ኛው ቀሃ ነው፤ ቁጣው በርዶ ጥያቄ ይዞ መጣ። የእርሱ ጌጅ ቱቦ ላይ ሳይሰካ በትክክል ዜሮ ላይ ይቆማል፤ የሚዋሽ ከሆነ ለምን ዜሮን ያሳያል? 32ኛውን መምህሩ ጻፉ። ዜሮው ልክ ነው፤ ያ ዜሮ ግን የጎንደር አየር ነው፣ የባሕር ወለል አየር አይደለም። መርፌውን መነካካት አያስፈልግም፤ ንባቡ ላይ 1.01 መደመር ትቶ 0.78 መደመር፣ ከዚያ በፍጹም ግፊት የተጻፈውን ሠንጠረዥ ማየት ይበቃል። ጎርጎራ ዓሣ ማቆያ ሲሄድ 0.82፣ ወደ መተማ ቆላ ሲወርድ 0.93 ያህል ይደምር። ቀሃ በ33ኛው መልስ መተማ ላይ ባለፈው ዓመት የሞላው ክፍል በምን ሠንጠረዥ እንደተሞላ አሁን እየፈለገ መሆኑን ጻፈ፤ ክሩም እዚያ ላይ ቆሟል።